የሁለት እናቶች እንባ፦ የሜሪ ሮውላንድሰን 82 የምርኮ ቀናት



ምርኮና ምድረ በዳ በመጽሐፍ ቅዱስ ደጋግመው የምናገኛቸው ነገሮች ናቸው። አጋር ልጇን ይዛ በቤርሳቤህ ምድረ በዳ ተቅበዝብዛለች። እስራኤል ወደ ባቢሎን ተማርከው በባዕድ ምድር አርጅተዋል። እመቤታችንም ልጇን ታቅፋ በረሃውን አቋርጣ ተሰድዳለች። ይሁን እንጂ እነዚህን ታሪኮች ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስንሰማቸው ስላደግን መራራነታቸው አንዳንድ ጊዜ ያመልጠናል። ረሃቡ ረሃብ፣ ብርዱም ብርድ ሆኖ አይሰማንም።

ስለዚህ ዛሬ ከእኛ እጅግ ርቃ የኖረችን አንዲት ሴት ታሪክ እናቀርብላችኋለን። ሜሪ ሮውላንድሰን ትባላለች። ከቅዱሳት አንስት ተርታ የምትቆጠር አይደለችም፤ የቤተ ክርስቲያናችንም ልጅ አልነበረችም። በሰሜን አሜሪካ ጠረፍ የሰፈረች እንግሊዛዊት፣ የአንድ ፒዩሪታን ሰባኪ ሚስት ነበረች። ታሪኳን የምናነብበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፣ የሰው ልጅ ሁሉንም ባጣ ጊዜ ምን ይዞ እንደሚቆም ያሳየናል። ሁለተኛው ደግሞ፣ በመከራ ውስጥ ያለ ሰው ምን ሊሰወርበት እንደሚችል ያስተምረናል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው፤ ቀኖቹም በዚያ ዘመን እንግሊዛውያን ይገለገሉበት በነበረው በዩልዮስ ቀመር ናቸው።)

ጦርነቱ ከየት መጣ?

የአንድን ሰው መከራ በትክክል ለመረዳት ከመከራው በፊት የነበረውን ማወቅ ያስፈልጋል። በ1620 ጥቂት እንግሊዛውያን ስደተኞች ዛሬ ማሳቹሴትስ በሚባለው ግዛት በፕሊመዝ ሰፈሩ። የመጀመሪያው ክረምት ግማሽ ያህላቸውን ገደለ። በማግሥቱ ዓመት የዋምፓኖአግ ሕዝብ መሪ ማሳሶይት ከእነርሱ ጋር የሰላም ውል ገባ። ሰፋሪዎቹም ከሀገሬው ሰው በቆሎ መዝራትን ተምረው በሕይወት ተረፉ።

ከዚያ በኋላ ባሉት 50 ዓመታት ነገሩ ተገለባበጠ። እንግዶቹ በዙ፤ ባለቤቶቹም በበሽታ አለቁ። መሬቱ ቁራሽ በቁራሽ ከነባሮቹ ሕዝቦች እጅ ወጣ። የሰፋሪዎቹ ከብት አጥር በሌለው የነባሮቹ ማሳ እየገባ አዝመራቸውን ረገጠው። በሰኔ 1675 ፕሊመዝ ሦስት ዋምፓኖአጎችን በነፍስ ግድያ ከስሳ በሞት ቀጣች። የማሳሶይት ልጅ ሜታኮም፣ እንግሊዛውያን «ንጉሥ ፊልጶስ» የሚሉት፣ ሕዝቡ ከእንግዲህ የሚሰጠው መሬት እንደሌለው ያውቅ ነበር። በዚያው ወር ጦርነቱ ፈነዳ።

በጦርነቱ ሁለቱም ወገን በደል ፈጽሟል። በታኅሣሥ 1675 የሰፋሪዎቹ ጦር ረግረግ መካከል በነበረው የናራጋንሴት ምሽግ ላይ ወድቆ ጎጆዎቹን አቃጠለ። በዚያ እሳት ብዙ ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ጠፉ። ክርስትናን የተቀበሉ፣ በራሳቸው ቋንቋ የሚጸልዩ ነባር ሰዎችም «ጠላት ይሆኑ ይሆናል» ተብለው ቦስተን አጠገብ ወዳለው ወደ ዲር ደሴት ተጋዙ፤ ብዙዎቹም በዚያ ክረምት በረሃብና በብርድ ሞቱ። ክርስቲያን ክርስቲያንን አስሮ አስራበ። ይህን እናስታውስ፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

የላንካስተር ማለዳ

ሜሪ በ1637 ገደማ በእንግሊዝ ሀገር ተወልዳ በሕፃንነቷ ከወላጆቿ ጋር ወደ አሜሪካ ተሻገረች። በ1656 ላንካስተር በምትባል የጠረፍ መንደር ሰባኪ የነበረውን ጆሴፍ ሮውላንድሰንን አገባች። አንዲት ልጇ በሕፃንነቷ ሞተችባት፤ ሦስቱ በሕይወት ነበሩ፦ ጆሴፍ፣ የእናቷን ስም የያዘችው ሜሪ፣ እንዲሁም የስድስት ዓመቷ ሣራ።

የካቲት 10 ቀን 1676 ፀሐይ ስትወጣ መንደሪቱ ተከበበች። ባሏ ወታደር ሊለምን ወደ ቦስተን ሄዶ ነበር። በሰባኪው ቤት ውስጥ 37 ሰዎች ተጠግተው ነበር። በቤቱ ስድስት ኃይለኛ ውሾች ነበሩ፤ በሌላ ቀን ሰው በር ላይ ሲደርስ ሊዘነጥሉት ይነሡ የነበሩት በዚያ ቀን ግን አንዳቸውም አልተንቀሳቀሱም። ቤቱ በእሳት ተያያዘ። ውስጥ ያሉት እሳቱን ሸሽተው ሲወጡ ጥይት ተቀበላቸው። አንዲት ጥይት የሜሪን ጎን በስታ አልፋ የታቀፈቻትን ሣራን ሆዷና እጇ ላይ መታቻት። ታላቅ እህቷ ልጇ መገደሉን ስትሰማ እርሷም ከሞቱት ጋር መሞትን ተመኘች፤ ቃሏን ሳትጨርስ ደጃፉ ላይ ወደቀች።

ሜሪ ከዚያ ቀን በፊት ደጋግማ እንዲህ ትል ነበር፦ ጠላት ቢመጣ በሕይወት ከመማረክ መሞትን እመርጣለሁ። ሰዓቱ ሲደርስ ግን ልቧ ተለወጠ፤ ከ24 ምርኮኞች አንዷ ሆና ተነዳች። ይህን ራሷ ሳትደብቅ ጽፋዋለች። ወዳጆቼ፣ ከፈተና በፊት የምንናገረውና በፈተና ውስጥ የምናደርገው አንድ ላይሆን ይችላል። ሰው የራሱን ልብ የሚያውቀው በደጃፉ ላይ እሳት ሲነድድ ነው።

ዘጠኝ ቀንና ሌሊት

የመጀመሪያውን ሌሊት መንደሯ ቁልቁል በሚታይበት ኮረብታ ላይ አሳለፈች። በማግሥቱ በበረዶው ላይ ጉዞ ተጀመረ። የቆሰለችውን ልጅ በክንዷ ተሸክማ ኃይሏ እስኪያልቅ ተራመደች። በኋላ ኮርቻ በሌለው ፈረስ ላይ አስቀመጧቸው፤ ቁልቁለት ላይ ሁለቱም በፈረሱ ራስ ላይ አልፈው ወደቁ። ሌሊቱን በበረዶ ላይ፣ በትንሽ እሳት ፊት፣ ትኩሳት የያዛትን ልጅ ጭኗ ላይ አስተኝታ ተቀመጠች። ለልጂቱ የምትሰጣት ከጥቂት ቀዝቃዛ ውኃ በቀር አልነበራትም። የራሷም ቁስል ከመድረቁ የተነሣ እንደ ልቧ መቀመጥና መነሣት አትችልም ነበር።

የካቲት 18 ቀን ሌሊት ሣራ ዐረፈች። ስድስት ዓመት ከአምስት ወር ነበር ዕድሜዋ። ሜሪ ሌላ ጊዜ ሬሳ ባለበት ክፍል መቆየት የማትችል ሴት ነበረች፤ ያን ሌሊት ግን ከሞተች ልጇ ጎን ለጎን ተኝታ አነጋች። ጠዋት ማራኪዎቿ ልጂቱን ወስደው በኮረብታ ላይ ቀበሯት፤ እናትየውንም መቃብሩን አሳዩአት። አዲስ የተቆፈረውን አፈር አይታ ተመለሰች።

የአሥር ዓመት ልጇ ሜሪ በዚያው ሰፈር ነበረች፤ በጠመንጃ ተለውጣ ለሌላ ጌታ ተሸጣ ነበር። እናቷን ባየች ቁጥር ስለምታለቅስ እንዳትቀርባት ተከለከለች። ልጅዋ ጆሴፍም ከሌላ ጌታ ጋር ነበር፤ አልፎ አልፎ ተፈቅዶለት ሊጠይቃት ይመጣ ነበር። አንዱ ልጅ በመቃብር፣ አንዷ በቅርብ ሆና የማትነካ፣ አንዱ በሩቅ፦ የአንዲት እናት ልብ በሦስት ተከፍሎ ምድረ በዳውን እንዲህ አቋረጠ።

የምድረ በዳ እንጀራ

ሜሪን የማረካት ሰው ኩዊናፒን ለተባለ የናራጋንሴት መሪ ሸጣት። እመቤቷ የኩዊናፒን ሚስት ዊታሙ ሆነች። ዊታሙ እንዲሁ ሚስት ብቻ አልነበረችም፤ የፖካሴት ሕዝብ መሪ፣ የሜታኮምም የወንድሙ መበለት ነበረች። የእንግሊዝ ጦር ስለሚከታተላቸው ሰፈሩ ቶሎ ቶሎ ይነሣ ነበር። ሜሪ በ82 ቀናት ውስጥ 20 ጊዜ ከስፍራ ወደ ስፍራ ተንቀሳቅሳለች።

ረሃቡ የእርሷ ብቻ አልነበረም፤ ሰፈሩ በሙሉ ይራብ ነበር። ሰዎቹ ሥር ይቆፍራሉ፤ የፈረስ አጥንት ደጋግመው ቀቅለው መረቁን ይጠጣሉ። ሜሪ በመጀመሪያው ሳምንት የሚበሉትን ለመቅመስ ተጸየፈች፤ በሁለተኛው ደከመች፤ በሦስተኛው ግን ቀድሞ የሚያጥወለውላት ምግብ ጣፈጣት። የፈረስ ጉበት አግኝታ ፍም ላይ ጣል አድርጋ፣ ሳይበስል ግማሹ ስለተነጠቀባት የቀረውን ከነደሙ በላችው። አንድ ጊዜም የፈረስ ሰኮና ማኘክ ካቃተው ምርኮኛ ሕፃን እጅ ወስዳ ራሷ በልታዋለች። ይህንንም ጽፋዋለች። ረሃብ ደግን ሰው እንኳ እስከ የት እንደሚያወርደው እናስተውል፤ የተራበን ለመፍረድም አንቸኩል።

ሌላ ምርኮኛ ቁስሉ በኦክ ዛፍ ቅጠል እንደዳነለት ነገራት፤ እርሷም ቅጠሉን በጎኗ ላይ እያደረገች ዳነች። እጆቿም መድኃኒት ሆኗት። ካልሲ ትሠራ፣ ሸሚዝ ትሰፋ ጀመር። ሜታኮም ራሱ ለልጁ ሸሚዝ አሰፍቶ አንድ ሽልንግ ከፈላት፤ ገንዘቡን ለጌታዋ ብትሰጠው ለራስሽ ይሁንሽ አላት፤ በእርሱም የፈረስ ሥጋ ገዛች። ለዚያው ልጅ ቆብም ሰፋችለት፤ ሜታኮምም ምሳ ጋበዛት። በድብ ስብ የተጠበሰ ትንሽ ቂጣ ነበር፤ እርሷ ግን በሕይወቷ ከዚያ የሚጥም ምግብ ቀምሳ እንደማታውቅ ትናገራለች።

መጽሐፉ

ልጇን በቀበረች በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ ከሜድፊልድ ውጊያ የተመለሰ አንድ ተዋጊ ከምርኮ ዕቃው መካከል መጽሐፍ ቅዱስ አውጥቶ ሰጣት። ገልጣ መጀመሪያ ያገኘችው ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 28ን ነበር። እርግማኑን ስታነብ ለእርሷ ምሕረት የቀረ አልመሰላትም። ንባቡን ሳታቋርጥ ስትቀጥል ግን ምዕራፍ 30 ላይ ደረሰች፤ በዚያም የተበተኑትን መልሶ ስለ መሰብሰብ የተገባውን ኪዳን አገኘች። በዚያ ምዕራፍ ልቧ ተመለሰ። እናንተም ልብ በሉ፦ በ28 ላይ መጽሐፉን ዘግታ ቢሆን ኖሮ ተስፋ ቆርጣ በቀረች ነበር። ቅዱሳት መጻሕፍትን ቆርጦ ማንበብ እንዲህ ያለ አደጋ አለው።

አንድ ቀን መውለጃዋ የተቃረበ፣ የሁለት ዓመት ልጅም የያዘች ሌላ ምርኮኛ አግኝታ አብረው መጽሐፉን ገለጡ። የወጣላቸው በእኛ አቈጣጠር መዝሙረ ዳዊት 26 ነበር፤ ሁለቱም በመጨረሻው ቁጥር፣ እግዚአብሔርን በትዕግሥት ስለ መጠበቅ በሚናገረው ቃል ተጽናኑ። ያቺ ሴት ግን በሕይወት አልተመለሰችም፤ ቤቴ መልሱኝ እያለች ስለወተወተች ከልጇ ጋር ተገደለች። አንድ ቃል አብረው ካነበቡት ሁለቱ አንዷ ወጣች፤ አንዷ በምድረ በዳ ቀረች። ቃሉ ከሞት እንደሚያስጥል አስማት አይደለም። በሕይወትም በሞትም የሚያዝ ምርኩዝ ነው።

ያልታየው እንባ

አሁን ወደ ታሪኩ ከባድ ክፍል እንመጣለን። በምርኮው መካከል የዊታሙ ሕፃን ታመመ፤ በአንድ ሌሊትም ሞተ። ሣራን የቀበረች ሜሪ ይህን ሞት እንዴት ተመለከተችው? በጎጆው ውስጥ ሰፋ ያለ ቦታ እንደተገኘ ጻፈች፤ ጥቅሙም ይህ እንደሆነ ገለጸች። ሙሾ አውጪዎቹን ባየች ጊዜም አብራቸው ልታዝን እንዳልቻለች ተናገረች።

ለመፍረድ አንቸኩል። ዊታሙ ለሜሪ ክፉ እመቤት ነበረች፤ መታታለች፤ መጽሐፍ ቅዱሷንም ነጥቃ ወደ ውጭ ጥላባታለች። የቆሰለ ልብ ለቁስል ሰጪው ማዘን ይቸግረዋል። ነገር ግን እኛ ከሩቅ ሆነን ሁለቱንም እናያለን። በአንድ ጎጆ፣ በአንድ ረሃብ፣ በአንድ ክረምት ልጆቻቸውን የቀበሩ ሁለት እናቶች ነበሩ። አንዷ የሌላዋን ሐዘን ሳታይ አለፈች።

የሚያስደንቀው፣ ማየት ያለባትን ነገር ብዕሯ ራሱ መመዝገቡ ነው። ማደሪያ ባጣችበት ብርዳማ ሌሊት አንዲት የማታውቃት ሴት ቁርበት አንጥፋ ከእሳቱ ዳር አስቀመጠቻት፤ የሚበላ ሥር ሰጠቻት፤ ተመልሰሽ ነዪ አለቻት፤ ብንችል እንገዛሽ ነበርም አሏት። በእነዚያ ሁሉ ሌሊቶች በሴትነቷ ክብር ላይ አንድም ሰው በቃልም በእጅም እንዳልደፈራት መስክራለች። ጌታችን በምሳሌ ያስተማረውን ደጉን ሳምራዊ እናስብ። ለወደቀው ሰው ባልንጀራ የሆነው ከባዕድ ወገን የተቆጠረው ነበር። ሜሪ ይህን ምሳሌ በሚገባ ታውቀዋለች። ሳምራዊቱ ቁርበት አንጥፋ ስትቀበላት ግን ባልንጀራዋ መሆኗን በሙሉ ልብ አላወቀችም፤ ምሕረቱን የእግዚአብሔር፣ ሰዎቹን ግን ጠላት ብቻ አድርጋ ጻፈቻቸው።

ቤዛ

ስለ ሜሪ ለመደራደር መልእክት ይዞ ወደ ጠላት ሰፈር የገባው ማን እንደነበር ታውቃላችሁ? ኔፓኔት የሚባል ክርስቲያን ነባር ሰው ነበር፤ የተወሰደውም ቀደም ብለን ካነሣነው ከዲር ደሴት ነው። ወንድሞቹ በረሃብ ከሚያልቁበት እስር ወጥቶ፣ ያሰሩትን ሰዎች ሚስት ለማስፈታት በነፍሱ ተወራርዶ ሄደ። የነባሮቹን መልስ በእንግሊዝኛ የጻፈው ደግሞ ጄምስ ፕሪንተር የተባለው የኒፕሙክ ሰው ነበር፤ እርሱም በ1663 በነባሮቹ ቋንቋ የታተመው መጽሐፍ ቅዱስ በተዘጋጀበት ማተሚያ ቤት የሠራ ነው።

ባልሽ ስንት ይከፍልልሻል ተብላ ስትጠየቅ ሜሪ ተጨነቀች። ጥቂት ብትል ይንቁታል፤ ብዙ ብትል ንብረታቸው ስለተቃጠለ ከየት ይመጣል? 20 ፓውንድ አለች። ገንዘቡን የቦስተን ሰዎች አዋጡ። ጆን ሆር የተባለ የኮንኮርድ ሰው ቤዛውን ይዞ መጣ፤ ግንቦት 2 ቀን 1676 በዋቹሴት ተራራ አካባቢ በምትገኝ ዐለት አጠገብ ነፃ ወጣች። ያቺ ዐለት ዛሬም «የቤዛ ዐለት» ትባላለች። ስትሄድ ሰዎቹ እጇን እየጨበጡ ሸኙአት፤ አንዳንዱ ዳቦ፣ አንዳንዱ ትንባሆ ላኪልን አላት፤ የራስ መሸፈኛና ሻርፕ ሊሰጧት የፈለጉም ነበሩ። ጆሴፍ በ7 ፓውንድ ተለቀቀ። ትንሿን ሜሪን ደግሞ አንዲት ነባር ሴት ያለ አንዳች ቤዛ እስከ ሰፋሪዎቹ ከተማ አደረሰቻት።

ከዚያ በኋላ የሆነው

በነሐሴ 1676 ዊታሙ ወንዝ ስትሻገር ሰጠመች፤ እንግሊዛውያንም ራሷን ቆርጠው በእንጨት ላይ ሰቀሉት። ኩዊናፒን ተረሸነ። ነሐሴ 12 ቀን ሜታኮም ተገደለ። ሜሪ ሸሚዝና ቆብ የሰፋችለት የሜታኮም ልጅ ዘጠኝ ዓመት ያህል ነበር። የሰፋሪዎቹ ሰባኪዎች መጽሐፍ ቅዱስ ገልጠው «ይሙት ወይስ ይኑር?» ብለው ተከራከሩበት። ይገደል ያሉ ነበሩ፤ ልጅ በአባቱ ኃጢአት አይሞትም ያሉም ነበሩ። በመጨረሻ በባርነት ተሸጠ። ሜሪን በምድረ በዳ ያጽናናት መጽሐፍ ያው መጽሐፍ መሆኑን አንርሳ። መጽሐፉን መያዝና የመጽሐፉን ልብ መያዝ የተለያዩ ናቸው።

ሜሪ ታሪኳን ጽፋ በ1682 በአሜሪካም በለንደንም ታተመ፤ በብዙዎችም ተነበበ። ባሏ በ1678 ሞተ፤ በማግሥቱ ዓመት ሌላ አግብታ እስከ 1711 ኖረች። በጽሑፏ መጨረሻ ላይ ስለ ሌሊቶቿ ታወራለች። ድሮ ያለ ሐሳብ የምትተኛ ሴት ነበረች፤ ከምርኮ በኋላ ግን ሰው ሁሉ ሲተኛ እርሷ ነቅታ ታለቅሳለች። ነፃነት ሲመጣ መከራው ሁሉ አብሮ አያበቃም።

ወጣት ወንድሞችና እኅቶች፣ ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር ይዘን እንሂድ። አንደኛ፣ ጽናት ማለት አለማልቀስ አይደለም፤ እያለቀሱ ሸሚዝ መስፋት፣ እያለቀሱ ምዕራፉን እስከ መጨረሻው ማንበብ ነው። ሁለተኛ፣ ከምርኮ፣ ከእገታ፣ ከስደት የተመለሰ ሰው በመካከላችን ሲኖር «ተርፈሃልና አመስግን» ብለን አንለፈው፤ ሌሊቱን ማን እንደሚያዳምጥለት እንጠይቅ። ሦስተኛውና የሚከብደው፣ በተበደልን ጊዜ ዓይናችን እንዳይታወር እንጸልይ። ጠላት የምንለው ሰው ቤትም የሚቀበር ሕፃን አለ። ለራስ ልጅ ማልቀስ የተፈጥሮ ነው፤ ለበዳይ ልጅ ማልቀስ ግን ጸጋ ነው።

ያን ጸጋ ለሁላችን ያድለን።